ትርፉ ወርዶ የአንድ አክሲዮን ትርፍ እንዴት ይወጣል?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የከፈትኩትም ተናድጄ ነው። ጥቂት አክሲዮን የያዝኩበት ኩባንያ የዓመቱን ሪፖርት ላከልኝ። የቦርድ ሰብሳቢው በመግቢያ ደብዳቤያቸው የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከ10 ወደ 11.43 ማደጉን ያበሥራሉ። ገጹን ገልጬ የተጣራውን ትርፍ ስፈልግ ግን ከ100 ሚሊዮን ወደ 96 ሚሊዮን ወርዶ አገኘሁት። የገንዘቡን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ኩባንያው እንዲታወቅ አልፈልግም፣ ስሌቱም ያለ ስሙ ይሠራል። የጻፍኩት አጭር ነበር፦ ትርፉ የወረደበት ኩባንያ የአክሲዮኔ ትርፍ አደገ ብሎ የሚደሰት ከሆነ፣ ወይ ሒሳቡ ተነካክቷል ወይ እኛ ባለአክሲዮኖች እንደ ሞኝ ተቆጥረናል። ሥራውም እየታመመ ነው ብዬ ደመደምኩ። በዚህ ላይ 26 መልስ መጣ። እንደ አመጣጣቸው፣ በራሴ አነጋገር እነሆ።

መልስ 1 የጨዋ ሰው መልስ ነበር። ከመፍረድ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንይ ብሎ ጀመረ። የአንድ አክሲዮን ትርፍ ማካፈል ነው፤ ተካፋዩ የተጣራው ትርፍ፣ አካፋዩ የተራ አክሲዮኖች ብዛት። ቅድሚያ መብት ያላቸው አክሲዮኖች ካሉ የእነሱ ድርሻ ከትርፉ ላይ አስቀድሞ ይነሣል፤ ድርሻቸው በየዓመቱ የሚጠራቀም ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይከፈል ተብሎ ባይወሰንም እንኳ ይነሣል። ስለዚህ ውጤቱ ከፍ የሚለው ተካፋዩ ሲያድግ ብቻ አይደለም፣ አካፋዩ ሲያንስም ነው። ኩባንያው በዓመቱ ውስጥ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ ገዝቶ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ መልሶ የተገዛ አክሲዮን ከአካፋዩ ይወጣልና። እኔ ግን ያን ጊዜ ጥያቄውን በወጉ አላነበብኩትም።

መልስ 2 እንኳን ደስ አለህ አለኝ። በያንዳንዱ አክሲዮን 11.43 ወደ ሒሳብህ ሊገባ ነው፣ ምን ያስከፋሃል የሚል ነበር። መልስ 3 በትሕትና አረመው፦ ወደ ሒሳብ የሚገባው የትርፍ ድርሻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ይከፋፈል ያለው መጠን ብቻ ነው። የቀረው ያልተከፋፈለ ትርፍ ሆኖ ኩባንያው ውስጥ ይቆያል። እንዲያውም በከሰረበት ዓመት ካለፉት ዓመታት ቅሪት የትርፍ ድርሻ የሚከፍል ኩባንያ አለ። መልስ 4 የመልስ 2 ባለቤት ምስጋና ነበር፤ ለዓመታት ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያነብ እንደኖረ አልደበቀም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይመስለኝም፤ «የትርፍ ድርሻ» እና «የአንድ አክሲዮን ትርፍ» ሲጠሩ እንደ መንታ ናቸው፣ ያልተለማመደ ሰው እንዴት ይለያቸው?

መልስ 5 ረጅም ቢሆንም ከሁሉ በላይ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ጸሐፊው ስለ አካፋዩ አንድም ቃል ሳይናገር ስለ ዕዳ ብቻ ጻፈ። አንድ ኩባንያ ከወለድና ከግብር በፊት 50 አተረፈ እንበል፤ ለብድሩ የሚከፍለው ወለድ 30 ነው፤ 20 ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሥራው አድጎ 60 ቢያተርፍ ወለዱ ያው 30 ስለሆነ 30 ይቀራል። ሥራው ያደገው 20 በመቶ ነው፤ ለባለአክሲዮኑ የቀረው ግን 50 በመቶ ዘለለ። ባለአክሲዮኑም ሥራ አስኪያጁን ጎበዝ ይለዋል። ያው ሥራ ከ50 ወደ 40 ሲወርድስ? የሚቀረው 10 ነው፤ ግማሹ ጠፋ። ኪራይና ደመወዝም እንደ ወለድ ናቸው፤ ገበያው ቀዝቅዞ ሽያጭ ሲያንስ አብረው አያንሱም። ስለዚህ ብዙ ቋሚ ወጪና ብዙ ብድር አንድ ላይ የተሸከመ ኩባንያ የአክሲዮኑ ትርፍ እንደ ዥዋዥዌ ነው አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ብድር የሚያስፈራኝ ኩባንያው መክፈል ያቃተው እንደሆነ ብቻ ነበር።

መልስ 6 ግብርን አመጣ። በአሜሪካ በ2017 መጨረሻ በወጣው ሕግ የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወረደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙሉውን 35 ሲከፍል የነበረ ኩባንያ ከ100 ይቀረው የነበረው 65፣ ከዚያ በኋላ 79 ሆነ። አንድ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሸጥ የአንድ አክሲዮን ትርፉ ከ21 በመቶ በላይ አደገ ማለት ነው። ጸሐፊው በዚህ አላበቃም። ያው የግብር ቅናሽ ሲቲግሩፕን በ2017 የመጨረሻ ሩብ ዓመት 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የአንድ ጊዜ ወጪ አስመዝግቦታል። ባንኩ ባለፉ ኪሳራዎቹ ምክንያት ወደፊት ከሚከፍለው ግብር የሚቀናነስለት ትልቅ መብት በመዝገቡ ይዞ ነበር፤ መብቱ የተተመነው በ35 በመቶ ሒሳብ ነው፤ መጣኔው ወደ 21 ሲወርድ የመብቱም ዋጋ አብሮ ወረደ። ግብር ተቀንሶለት የከሰረ! እዚህ ላይ ሳላስበው ሳቅኩ።

መልስ 7 በዚያው መስመር ቀጠለ። ተካፋዩ ውስጥ ከሥራ ያልመጣ ብዙ ነገር አለ፦ የተሸጠ ሕንፃ፣ የምንዛሪ ለውጥ፣ የያዙት አክሲዮን ዋጋ መውጣትና መውረድ። የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን የያዘውን የአሜሪካ ኩባንያ በርክሻየር ሐታዌይን ጠቀሰ። ከ2018 ጀምሮ የአሜሪካ የሒሳብ ደንብ ያልተሸጡ አክሲዮኖች የዋጋ ለውጥ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ውስጥ እንዲገባ ስላስገደደ፣ ኩባንያው በ2022 የ22.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ከሥራ ያገኘው ትርፍ ግን 30.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የእርጅና ቅናሽንም፣ ማለትም የማሽን ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፋፍሎ በየዓመቱ በወጪ የሚያዝበትን፣ ነካ አደረገ። የጎግል እናት ኩባንያ አልፋቤት በ2023 የሰርቨሮቹን የአገልግሎት ዘመን ከ4 ዓመት ወደ 6 ከፍ ሲያደርግ የዓመቱ የእርጅና ወጪ ቀነሰ፣ ትርፉም በዚያው ልክ ከፍ አለ። በሕግ የተፈቀደና በግልጽ የተነገረ ነው፤ ማሽኖቹ ግን ያው ማሽኖች ናቸው።

መልስ 8 የራሱን ገጠመኝ ነገረን። ጀማሪ ሳለ አንድ ሠንጠረዥ ላይ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከ40 ወደ 10 ወርዶ ሲያይ ደንግጦ የያዘውን ሁሉ በማግሥቱ ሸጠ። ኩባንያው አንዱን አክሲዮን ለአራት መክፈሉን የሰማው ከሸጠ በኋላ ነው። ትርፉ አልተነካም፤ የተቆራረጠው ዳቦው ነበር። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 33 እንዲህ ዓይነት ክፍፍል ሲኖር በሪፖርቱ የቀረቡት ያለፉት ዓመታት ቁጥሮችም አብረው እንዲስተካከሉ ያዛል፤ እሱ ያየው ሠንጠረዥ ያልተስተካከለ ነበር።

መልስ 9 ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ነገሩን የገለጠው ግን እሱ ነው። ደብዳቤውን ተወውና የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ግርጌ ላይ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ተመልከት፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንት አክሲዮን እንደነበረም ንገረን አለኝ። ሄጄ አየሁ። መልስ 10 የእኔ ነው፤ ስጽፈው እያፈርኩ ነበር። መግለጫው ግርጌ ላይ ያለው 11.43 ሳይሆን 10.43 ነው። ዓመቱ ሲጀምር 10 ሚሊዮን የነበረው አክሲዮን ዓመቱ ሲያልቅ 8.4 ሚሊዮን ሆኗል። ኩባንያው በዓመቱ አጋማሽ 1.6 ሚሊዮን አክሲዮን መልሶ ገዝቷል። መልስ 1 ገና ከመጀመሪያው የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

መልስ 11 ልዩነቱን አስረዳ። ትርፉ የተገኘው በ12 ወር ነው፤ አክሲዮኖቹ ግን የቀነሱት ከ6 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ አካፋዩ በጊዜ የተመዘነ አማካይ መሆን አለበት፦ ግማሹን ዓመት 10 ሚሊዮን፣ ግማሹን 8.4 ሚሊዮን፣ አማካዩ 9.2 ሚሊዮን። 96 ለ9.2 ሲካፈል 10.43 ይሆናል። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰው 96ን የወሰደው ከሙሉው ዓመት፣ 8.4ን ደግሞ ከመጨረሻው ቀን ነው። ኦዲተሩ የፈረመበት ትክክለኛው ቁጥር ነው፤ በደብዳቤው ላይ ግን ማንም አልፈረመም፣ ከሰብሳቢው በቀር። መልስ 11 ሲያበቃ ትርፉ ባለበት ቢቆም በሚቀጥለው ዓመት 11.43 በትክክል ይደርሳል ብሎ ጨመረ። ይህ ስሕተት መሆኑ በኋላ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። መልስ 12 በቁጣ የተጻፈ ነው። አክሲዮን መልሶ መግዛት በሕግ ካባ የተሸፈነ ዝርፊያ ነው፤ የሥራ አመራሩ ጉርሻ ከአንድ አክሲዮን ትርፍ ጋር ከታሰረ፣ ፋብሪካ ከመገንባት አካፋዩን መቀነስ ይቀላል። የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ በ1982 ባወጣው ደንብ በተወሰነ ልክ የሚገዙትን ዋጋ በማዛባት ከመከሰስ ባይከላከላቸው ኖሮ ይህ ልማድ እንዲህ ባልሰፋ፤ ከ2023 ጀምሮ የተጣለውም የ1 በመቶ ግብር ለቀልድ ያህል ነው አለ። ስለ ጉርሻው ያነሣው ነጥብ እውነት አለበት። ሁሉን መልሶ ገዢ ሌባ ማለቱ ግን ቁጣ ነው።

መልስ 13 ምሳሌ አቀረበ፦ የአፕል የተጣራ ትርፍ በ2018 በጀት ዓመት ከነበረው 59.5 ቢሊዮን ዶላር በ2019 ወደ 55.3 ቢሊዮን ወረደ፤ 7 በመቶ ያህል ማለት ነው። የአንድ አክሲዮን ትርፉ ግን ከ11.91 ወደ 11.89 ዶላር፣ ሁለት ሳንቲም ብቻ ነው የወረደው። ኩባንያው በዚያ ጊዜ በብዛት እየገዛ ነበርና። መልስ 14 ቀጥሎ ውሸታም አለው። እሱ ፈልጎ ያገኘው 2.98 እና 2.97 ዶላር ነው፤ 11 የሚባል ቁጥር የትም የለም። መልስ 15 ሁለቱንም ወደ መልስ 8 መለሳቸው። አፕል በነሐሴ 2020 አንዱን አክሲዮን ለአራት ከፍሏል፤ 11.89 ለ4 ሲካፈል 2.97 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ ከክፍፍሉ በፊት የታተመውን፣ ሌላው በኋላ የተስተካከለውን አነበበ። መልስ 14 ይቅርታ አልጠየቀም፤ ከክሩም ጠፋ።

መልስ 16 ለመልስ 12 የተሰጠ ነው። ቴሌዳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሪ የነበሩትን ሄንሪ ሲንግልተንን ጠቀሰ። በ1960ዎቹ የኩባንያው አክሲዮን ውድ በነበረበት ጊዜ አዲስ አክሲዮን እያወጡ ሌሎች ኩባንያዎችን ገዙ፤ ከ1972 እስከ 1984 አክሲዮኑ ሲረክስ ደግሞ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነውን መልሰው ሰበሰቡ። ሲወደድ ሸጡ፣ ሲረክስ ገዙ። ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች የሚያደርጉት ግን ገንዘብ ሲተርፋቸው መግዛት ነው፤ ገንዘብ የሚተርፋቸው ደግሞ አክሲዮኑም በተወደደበት በደጉ ዘመን ነው።

መልስ 17 በእኔ ላይ ወረደ። ማካፈል የማይችል ሰው አክሲዮን አይያዝ፤ መግለጫውን ሳያነብ ሥራው ታመመ ብሎ የሚያሟርት ሰው ስሙን የሚያጠፋው የራሱን ንብረት ነው። አመመኝ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። መልስ 18 ሊከላከልልኝ ብሎ የመልስ 17ን አጻጻፍ ነቀፈ፦ «ሂሳብ» ብሎ የሚጽፍ ስለ ሒሳብ አያስተምር። መልስ 19 ይህን ይዞ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ እየለየ፣ ቃሉ ከግእዙ «ሐሰበ» እንደመጣ አብራርቶ ግማሽ ገጽ ጻፈ። መልስ 20 ሁለቱም አጻጻፍ ጋዜጣ ላይ ይገኛል፣ እባካችሁ ወደ አካፋዩ እንመለስ ብሎ ለመነ። መልስ 19 ከሁሉም ይልቅ የተመሰገነ መልስ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

መልስ 21 የወደፊቱን አካፋይ አነሣ። ሠራተኞች በ60 የመግዛት መብት የተሰጣቸው 1 ሚሊዮን አክሲዮን አለ፣ የገበያው አማካይ ዋጋ ደግሞ 80 ነው እንበል። ሁሉም ቢገዙ 60 ሚሊዮን ይገባል፤ በዚያ ገንዘብ በ80 ሒሳብ 750 ሺህ አክሲዮን መልሶ መግዛት ይቻላል፤ አካፋዩ ላይ የሚጨመረው ልዩነቱ 250 ሺህ ነው። ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ቦንድ ሲኖር ደግሞ አክሲዮኑ ወደ አካፋዩ፣ ከግብር የተረፈው ወለድ ወደ ተካፋዩ ይመለሳል። በሪፖርቱ ግርጌ ሁለት ቁጥር፣ አንዱ አሁን ባለው አካፋይ፣ ሌላው እነዚህ ተጨምረው የተሰላ፣ ጎን ለጎን የሚታተመው ለዚህ ነው፤ አነስተኛውን አንብብ አለኝ። መልስ 22 አንድ እርማት ጨመረ፦ በከሰረ ኩባንያ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ናቸው። ኪሳራን ለብዙ አክሲዮን ማካፈል ኪሳራውን አሳንሶ ስለሚያሳይ ደንቡ አይፈቅድም። የእኔ ኩባንያ እንዲህ ያለ መብት ስላልሰጠ እነዚህን በፍጥነት አለፍኳቸው።

መልስ 23 መልሶ ግዢው በምን ገንዘብ እንደተፈጸመ ጠየቀ። ከማስታወሻዎቹ ያገኘሁትን ክሩ ላይ ለጠፍኩ፦ አማካይ የግዢ ዋጋ 90፣ ጠቅላላው 144 ሚሊዮን፣ ሁሉም በባንክ ብድር፣ ወለዱ 10 በመቶ፣ የኩባንያው የትርፍ ግብር 30 በመቶ።

መልስ 24 በእነዚህ ቁጥሮች የመክፈቻ ጽሑፌን አፈረሰው። የ144 ሚሊዮን የግማሽ ዓመት ወለድ 7.2 ሚሊዮን ነው፤ ወለድ ግብር ስለሚቀንስ ትክክለኛው ሸክም 5.04 ሚሊዮን ነው። ኩባንያው ባይበደርና ባይገዛ ኖሮ የተጣራ ትርፉ 96 ሳይሆን 101.04 ሚሊዮን፣ የአንድ አክሲዮን ትርፉም 10.10 ይሆን ነበር። ሥራው አልታመመም፤ 1 በመቶ አድጓል። ትርፉን ያወረደው የብድሩ ወለድ ነው። ከ10 ወደ 10.43 ከተጨመረው 0.43 ውስጥ ከሥራ የመጣው 0.10፣ ከመልሶ ግዢው የመጣው 0.33 ነው። ቀጥሎ መልስ 11ን አረመ። በሚቀጥለው ዓመት ወለዱ የሙሉ ዓመት ይሆናል፤ 10.08 ሚሊዮን። ሥራው ባለበት ቢቆም ትርፉ ወደ 90.96 ሚሊዮን ይወርዳል፣ ለ8.4 ሚሊዮን ሲካፈል ግን 10.83 ይሆናል። ትርፉ እንደገና ይወርዳል፣ የአክሲዮኑ ትርፍ እንደገና ይወጣል። 11.43 ግን አይደረስበትም። ያን ጽሑፍ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ልክ ነው።

መልስ 25 የመልስ 17 ሰው ነው። ይቅርታ አላለም፤ ማካፈል አስተምርህ ብሎ ግን ቁም ነገር ነገረኝ። 10.10ን ለ90 ብናካፍል 11.2 በመቶ ነው፤ የብድሩ ዋጋ ከግብር በኋላ 7 በመቶ። የተገዛው አክሲዮን ከሚያስገኘው በታች የሚያስከፍል ብድር የአንድ አክሲዮን ትርፍን ያሳድጋል። የአክሲዮኑ ዋጋ የትርፉን 14 እጥፍ ገደማ (100 ለ7 ሲካፈል) ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያው መልሶ ግዢ ትርፉን መብላት ይጀምራል። በዚህ ዘጋ። ለዚህ ሰው የነበረኝ ቂም ግማሹ ሄደ።

መልስ 26 ከሦስት ቀን በኋላ መጣ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። ወለዱ እስከ ብድሩ ማብቂያ 10 በመቶ ሆኖ ይቆያል? የብድሩን ማስታወሻ ከፈትኩ። በአነስተኛ ፊደል፣ ከሠንጠረዡ በታች፣ ወለዱ በየዓመቱ በገበያው መጠን እንደሚከለስ ተጽፏል። በመልስ 25 መንገድ ወደ ኋላ ሳሰላው 16 በመቶ ሲደርስ ከመልሶ ግዢው የተገኘው ጭማሪ ሁሉ ይጠፋል፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ወደ 10.10 ይመለሳል፣ ዕዳው ግን ይቀራል።

ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ ያስገባሁት ሁለት መስመር ነው፦ የደብዳቤው 11.43 በየትኛው አካፋይ ተሰላ፣ ወለዱ ስንት በመቶ ሲደርስ ቦርዱ ብድሩን መክፈል ይጀምራል።